ተመስጦና ሳንቲም፤ የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቹን ስለሚይዝበት ብልሃት

የቪዲዮ ጨዋታ በተጫዋቹ ልቡና ላይ የሚያሳድረውን ኀይል ለመግለጽ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የተለማመዱት ቃል በውሃ ውስጥ መጥለቅ የሚል ትርጉም ያለው ነው። አሜሪካዊቱ ምሁር ጃኔት መሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ምሳሌውን ከዋና ወስደው፣ ወደ ባሕር የገባን ሰው ውሃው በሁሉም ወገን እንደሚከበው፣ ጨዋታም ተጫዋቹን በሌላ ዓለም ይከበዋል ሲሉ አብራርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።) አማርኛ ግን ለዚሁ ነገር ያለው ቃል ተመስጦ ነው። የቃሉ ሥር ግእዝ ሲሆን፣ መሠጠ ማለት ነጠቀ፣ ቀማ፣ ነጥቆ ወሰደ ማለት ነው፤ መሣጢም ነጣቂ ይባላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ልዩነት ብቻ አይደለም። የጠለቀ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ ውሃው የገባ ሊሆን ይችላል፤ የተመሰጠ ሰው ግን የመሰጠው አለ። እንግዲህ የአማርኛው ቃል የእንግሊዝኛው ቃል የሚሸፍነውን ጥያቄ ገልጦ ያቀርባል፤ ይኸውም ተጫዋቹን የሚመስጠው ማን ነው፣ በምን ብልሃት ይመስጠዋል፣ ለማንስ ጥቅም ነው የሚል ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው አስተያየት፣ ሥዕሉ እውነተኛውን ዓለም በመሰለ መጠን ተመስጦውም የዚያኑ ያህል ይጨምራል የሚለው ነው። የጨዋታ ነጋዴዎች አዲስ መሣሪያ ባወጡ ቍጥር የሚያወድሱት የሥዕሉን ጥራትና የድምፁን ጥልቀት ነው። ኬቲ ሳለንና ኤሪክ ዚመርማን ስለ ጨዋታ አሠራር በ2003 ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ ይህን አስተያየት ስሕተት ነው ብለው ተቃውመውታል፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነው። ነገሩን ለማረጋገጥ የቪዲዮ ጨዋታ ገና ሕፃን ወደ ነበረበት ዘመን መመለስ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ እጅግ ድኻ ነበር፤ ሆኖም ሰዎች ከመሣሪያው ፊት ቆመው ኪሳቸው ባዶ እስኪሆን ድረስ ይጫወቱ ነበር።

በአሜሪካ ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ በ1971 ኮምፒውተር ስፔስ የተባለውን በሳንቲም የሚሠራ መሣሪያ አቅርበው ነበር። ጨዋታው የጠፈር መርከብና ከዋክብት ያሉበት ቢሆንም፣ ለመጠጥ ቤት ደንበኛ አጨዋወቱ ስለ ከበደው የታሰበውን ያህል አልተወደደም። በሚቀጥለው ዓመት አታሪ የተባለው ኩባንያቸው አላን አልኮርን የሠሩትን ፖንግ አወጣ። በዚህ ጨዋታ የሚታየው ሁለት አጫጭር ነጭ መሥመሮችና ወዲያና ወዲህ የሚላተም አንድ ነጭ ነጥብ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ በካሊፎርኒያ በሳኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ተተክሎ ሳለ ተበላሸ ተብሎ አልኮርን በተጠሩ ጊዜ፣ ያገኙት ብልሽት የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ከመጠን በላይ መሙላቱ ነበር። ከዋክብት ያሉት ጨዋታ ሳይማርክ ሁለት መሥመር ብቻ ያለው ጨዋታ ከማረከ፣ የተመስጦው ምንጭ ከሥዕሉ ውጭ መፈለግ ይኖርበታል።

ይህን ምንጭ ከሁሉ አጕልቶ የሚያሳየው የጃፓኑ የታይቶ ኩባንያ በ1978 ያወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ፣ ማለትም የሕዋ ወራሪዎች የተባለው ጨዋታ ነው። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ናቸው። በመስኮቱ ላይኛ ክፍል 55 ወራሪዎች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱም፣ ጠርዝ በደረሱ ቍጥር አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳሉ። ተጫዋቹም ከግርጌ ሆኖ፣ በ4 ምሽጎች እየተከለለ ሽቅብ ይተኵሳል። ኒሺካዶ ዒላማውን ለመምረጥ መጀመሪያ ታንክና አውሮፕላን ሞክረው ነበር፤ ከዚያም ወደ ሰው ምስል ዞሩ፤ ሰውን መተኰስ ነውር ነው የሚል ተቃውሞ ስለ ገጠማቸው ግን በመጨረሻ የባሕር እንስሳት የሚመስሉ ፍጡራንን አደረጉ። ዒላማው እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለዋወጥ ጨዋታው ጨዋታነቱን አለማጣቱ፣ ምስሉ ልብስ እንጂ አካል እንዳልሆነ ያስረዳል።

አካሉስ ጊዜ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኢንቴል 8080 የተባለው ፕሮሰሰር ዐቅሙ አነስተኛ ስለ ነበር፣ በመስኮቱ ላይ ያለው ሥዕል በታደሰ ቍጥር፣ ማለት በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል፣ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ወራሪ ብቻ ነው። ስለዚህ 55ቱም በሕይወት ሳሉ ሰልፉ አንድ እርምጃ ለመራመድ ወደ አንድ ሴኮንድ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቍጥራቸው ሲመነምን ፍጥነታቸው እየጨመረ ይሄዳል፤ አንድ ብቻ ሲቀር በእያንዳንዱ እድሳት ይሮጣል። ኒሺካዶ ይህን የመሣሪያውን ድካም ባዩ ጊዜ፣ እንከን ነው ብለው አላረሙትም፤ ይልቁንም ለጨዋታው የሚስማማ ሆኖ ስላገኙት እንዳለ ተዉት። ከበስተኋላ የሚሰማው እየተደጋገመ የሚወርድ ባለ 4 ድምፅ ምት፣ እርሱም ከወራሪዎቹ ጋር አብሮ ይፈጥናል።

ከዚህ አሠራር የሚወለደው ነገር በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነው። በሌላ ትግል ጠላት ሲያንስ አደጋውም ያንሳል፤ በዚህ ጨዋታ ግን ተጫዋቹ በተሳካለት መጠን አደጋው ይባባስበታል። የሚያስጨንቀውን ፍጥነት የሠራው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ የተሳካ ተኵስ የሚቀጥለውን ተኵስ ያከብደዋል። በዚህም ላይ በመስኮቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊኖር የሚችለው የተጫዋቹ ጥይት አንድ ብቻ በመሆኑ፣ የሳተ ሰው ጥይቱ እስከ ላይ ሄዳ እስክትጠፋ ድረስ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። የስሕተት ቅጣቱ ሕመም ሳይሆን የባከነች ቅጽበት ናት። ምሽጎቹም ቢሆኑ በጠላት ጥይት ብቻ ሳይሆን በራሱ በተጫዋቹ ጥይትም ይሸረሸራሉ። ስለዚህ ልቡና ወደ ሌላ ነገር ዘወር የሚልበት ቀዳዳ አይገኝም። ዐይንና እጅ፣ ድምፅና ሥጋት በአንድ ምት ይታሰራሉ። ተመስጦ የሚባለውም ይህ መታሰር ነው።

ይህ ሁሉ የኒሺካዶን ጥበብ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ትችት እዚህ ላይ ካቆመ ሥራውን በግማሽ ትቶታል፤ ጨዋታው የሚጀምረው ከ100 የን ሳንቲም ነውና። ስፔስ ኢንቬደርስ በጃፓን በቡና ቤቶች ጠረጴዛ ውስጥ ተገጥሞ፣ በኋላም ለእርሱ ብቻ በተከፈቱ አዳራሾች ተደርድሮ ይሠራ ነበር። አንድን ሰልፍ ደምስሶ የጨረሰ ተጫዋች የሚያገኘው ዕረፍት ሳይሆን ከቀድሞው ዝቅ ብሎ የሚጀምር ሌላ ሰልፍ ነው። ጨዋታው ድል የለውም፤ ፍጻሜው ሁልጊዜ ሽንፈት ነው። ከዚህም በቀር ባለ ቤቱ ለተጫዋቹ ስንት ሕይወት እንዲሰጥ፣ ከ3 እስከ 6፣ በመሣሪያው ውስጥ ባሉ ትናንሽ ማብሪያዎች ሊወስን ይችላል። ተጫዋቹ ችሎታዬ ነው ወይም ዕድሌ ነው ብሎ የሚያስበው የጨዋታው ርዝመት፣ በከፊል አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ የተመጠነ ነው። ጨዋታው ቶሎ ካለቀ ደንበኛው ተዘረፍኩ ብሎ ይሄዳል፤ ከረዘመ ደግሞ ሌላ ሳንቲም አይወድቅም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ማግኘት የሠሪው ዋና ጭንቀት ነበር። በመስኮቱ አናት ላይ የሚቀረው ከፍተኛ ነጥብም ሽንፈቱን ወደ ተስፋ ይለውጠዋል፤ የተሸነፈው ሰው የሚያነበው ቍጥር ሌላ ሳንቲም የሚያስወጣ ጥሪ ነው።

ከ2 ዓመት በኋላ በ1980 ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቶሩ ኢዋታኒ የነደፉትን ፓክማን አወጣ። ኢዋታኒ የመጫወቻ አዳራሾቹ የወንዶች ብቻ ሆነው መቅረታቸውን ስላዩ፣ ሴቶችና ጥንዶች የሚገቡበት ጨዋታ ፈለጉ፤ ስለዚህም ተኵስን ትተው መብላትን መረጡ። አፉን እየከፈተ የሚሄደው ክብ ፍጡር በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ነጠብጣብ እየለቀመ ሲበላ 4 መናፍስት ያሳድዱታል። የጥበቡ ምሥጢር በመናፍስቱ ጠባይ ላይ ነው። ቀዩ በቀጥታ ይከተላል፤ ሮዝማው ተጫዋቹ ሊደርስበት ካሰበው ስፍራ ቀድሞ ለመድረስ ይሞክራል፤ አንደኛው ደግሞ እየቀረበ መልሶ ይሸሻል። ተጫዋቹም በአራቱ ላይ ዐሳብና ክፋት ያለ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በመናፍስቱ ውስጥ ጥቂት የስሌት ሕግ እንጂ ዐሳብ የለም፤ እንዲያውም አካሄዳቸው የተወሰነ ስለሆነ፣ ትጉሃን ተጫዋቾች መንገዱን እንደ ቃል ጥናት በልባቸው ይዘው ሳይያዙ ይጓዙ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚደነቀው ዕረፍቱ የተመጠነበት አኳኋን ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መናፍስቱ ለ7 ሴኮንድ ወደ የማዕዘናቸው ይበተናሉ፤ ከዚያም ለ20 ሴኮንድ ያሳድዳሉ፤ እንደገናም ይበተናሉ። ማሳደድና መበተን እየተፈራረቁ ጥቂት ከቆዩ በኋላ መበተኑ ይቀርና ማሳደዱ ብቻ ይቀጥላል። ስፔስ ኢንቬደርስ ተጫዋቹን በማያቋርጥ ጥብቀት ሲይዘው፣ ፓክማን አንዳንድ ጊዜ ለቀቅ እያደረገ ይይዘዋል። ትንፋሽ የሚሰጠው ሰው ረዘም አድርጎ መሮጥ እንደሚችል ኢዋታኒ ዐውቀዋል። ነገር ግን ደረጃው ከፍ እያለ ሲሄድ፣ መናፍስቱን መብላት የሚያስችለው የትልቁ ነጠብጣብ ኀይል እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ይጠፋል። ቸርነቱ የሚበዛው በመግቢያው በር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተመስጦው የሚመጣው ከሳንቲሙ ነው ማለት ነውን ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። መልሱን የሚሰጠው በ1984 በሞስኮ የተወለደው ቴትሪስ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ይህን ጨዋታ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የስሌት ማእከል ውስጥ ኤሌክትሮኒካ 60 በተባለ ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ፣ መሣሪያው ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን በቅንፍ ምልክቶች አቀናብረው ነበር። ሳንቲም የሚቀበል ቀዳዳ አልነበረውም፤ ከሽያጩ ትርፍ የሚጠብቅ ባለ አዳራሽም አልነበረም። ያም ሆኖ በ7 ቅርጾችና በአንድ ሕግ ብቻ፣ ማለት የሞላው ረድፍ ይጠፋል በሚለው ሕግ፣ ያየውን ሁሉ ያዘ። ቅርጾቹ ሲወርዱ ተጫዋቹ በሚገባ ያስቀመጠው ከፊቱ ይጠፋል፤ የተሳሳተው ግን ተከምሮ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከፊቱ የሚታየው ገና ያልተስተካከለው ነገር ነው፤ ያልተፈጸመ ሥራ ደግሞ ልቡናን አይለቅም።

የዚህ አያያዝ ጥልቀት በምርምርም ታይቷል። ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱትን ቅርጾች እንደሚያዩ ገልጸዋል። ከተጠኑት መካከል በሕመም ምክንያት አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችሉ 5 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም 3ቱ፣ መጫወታቸውን ረስተው ሳለ፣ ቅርጾቹን አይተዋል። እንግዲህ ተመስጦ ከሳንቲም በፊት ያለ፣ በሕግ፣ በጊዜና በምላሽ አቀነባበር የሚገኝ የጥበብ ኀይል ነው። ሳንቲሙ ይህን ኀይል አልፈጠረውም፤ አግኝቶ ለጥቅሙ አዋለው እንጂ።

ስለ ጨዋታ የተጻፉት ታላላቅ ሥራዎችም በዚህ ሚዛን ሊመዘኑ ይገባቸዋል። ሆላንዳዊው ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፋቸው፣ ጨዋታ ከዕለታዊ ኑሮ በጊዜና በቦታ ተለይቶ የሚከናወን፣ ከቍሳዊ ጥቅምም ነጻ የሆነ ተግባር ነው ብለዋል። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ በ1958 ስለ ቁማርና ስለ ዕጣ ጨዋታ ሲጽፉ ይህን አስተያየት በከፊል አርመውታል። የሳንቲሙ መሣሪያ ግን ለሁለቱም አዲስ ነገር ያቀርባል፤ ጥቅሙ የሚገኘው በክቡ ውስጥ በሚጫወቱት ሰዎች መካከል ሳይሆን በክቡ በር ላይ ከቆመው ባለ መሣሪያ ዘንድ ነውና። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ደግሞ በ1975 ባወጡት ጥናት፣ ገደል የሚወጡ፣ ቼዝ የሚጫወቱ፣ የሚጨፍሩና ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ሰዎችን ጠይቀው፣ ችሎታና ፈተና በተመዛዘኑበት ጊዜ ሰው ራሱንና ጊዜን ረስቶ በሥራው እንደሚፈስስ አስረድተዋል። ይህ ገለጻ ተጫዋቹ የሚሰማውን በትክክል ያሳያል። ዳሩ ግን ገደሉን ማንም አልነደፈውም፤ ሰው በወደቀበት ቍጥር የሚከፈለው ባለ ገደልም የለም። በገደሉና በስፔስ ኢንቬደርስ ፊት የሚሰማው ስሜት አንድ ቢሆን እንኳ፣ ሁለቱን አንድ ነገር ናቸው ማለት አይቻልም።

ይህን ክፍተት ከሁሉ በተሻለ የሞሉት የባህል ተመራማሪዋ ናታሻ ዳው ሹል ናቸው። በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ የላስ ቬጋስን የቁማር መሣሪያዎች ሲያጠኑ፣ ተጫዋቾቹን ብቻ ሳይሆን ነዳፊዎቹንም፣ የወንበሩን ቅርጽና የአዳራሹን አሠራር ሳይቀር መረመሩ። ያነጋገሯቸው ቁማርተኞች የሚጫወቱት ለማሸነፍ ሳይሆን መጫወቱን ለመቀጠል እንደሆነ ነግረዋቸዋል። የሥራቸው ብልጫ ተመስጦን በሰውየው ደካማነት ብቻ ሳይተረጕሙ፣ በሰውየውና በመሣሪያው መካከል የተሠራ ነገር አድርገው ማየታቸው ነው። የባህል ጥናት ለዚህ ነገር ሊያበረክት የሚችለውም ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ልዩነት በገበጣ ሊመረምረው ይችላል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባወጡት ጽሑፍ የገበጣን ዓይነቶች ከየአገሩ ሰብስበው አሳይተዋል። ገበጣም ይመስጣል። በብዙዎቹ ዓይነቶች የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ካልሆነ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ፣ ተጫዋቹ ያሉትን አፍሶ ማዞሩን ይቀጥላል፤ በዚያ ሰዓት የእጁንና የዐይኑን መታሰር ያየ ሰው የቴትሪስን ተጫዋች ሁኔታ አይቶታል ማለት ነው። ነገር ግን በገበጣ የጨዋታውን ርምጃ የሚወስኑት ሁለቱ ተፋላሚዎች ናቸው። አንደኛው ሊያስብ ቢሻ ሌላው ይጠብቀዋል፤ ተመልካቹ ጣልቃ ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣም ጠጠሩ ባለበት ቆይቶ ሰላምታ ይቀድማል። ጨዋታው ሲያልቅ አሸናፊና ተሸናፊ ተለይተው ይነሣሉ፤ በጨዋታው መርዘም ወይም ማጠር የሚጠቀም ሦስተኛ ወገን የለም። የገበጣ ተመስጦ በተጫዋቾቹ እጅ ያለ ሲሆን፣ የመሣሪያው ተመስጦ ግን ጌታው ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት የቃል ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ መንግሥታት የወሰዱትን ርምጃ ስንኳ ለመፍረድ ያገለግላል። በፊሊፒንስ በ1981 የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች በትእዛዝ ተከለከሉ። በጃፓን በ1985 በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ ሕግ የመጫወቻ አዳራሾችን በፈቃድና በሰዓት ገደብ ሥር አዋለ። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ልክ ያለፈ ጨዋታን እንደ ሕመም አስፍሯል። የመጀመሪያው ርምጃ መሣሪያውን በሙሉ፣ ሁለተኛው ቦታውን፣ ሦስተኛው ተጫዋቹን የሚመለከቱ ናቸው። ንድፉን የተመለከተው ግን ሌላ ነው። በ2012 የጃፓን የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በእጅ ስልክ ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ በዕጣ የሚወጡ ዕቃዎችን እየገዛ ሙሉ ስብስብ ሲያገኝ ሽልማት የሚሰጥበት አሠራር ሕግን የሚጥስ መሆኑን አስታወቀ። ጨዋታው አልተከለከለም፤ ተጫዋቹም በሽተኛ አልተባለም፤ የተከለከለው አንድ የተለየ የመንጠቂያ ብልሃት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ ሊሰጥ የሚችለው ጨዋታው እንዴት እንደ ተሠራ አስቀድሞ የመረመረ ብቻ ነው።

ዛሬ የሳንቲሙ ቀዳዳ ከብዙ አገር ጠፍቶ፣ መሣሪያው በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ገብቷል። የቀድሞው ጨዋታ ለሌላ ሳንቲም ሲል ማለቅ ነበረበት፤ ሽንፈቱም ተጫዋቹን ወደ ራሱ የሚመልስ በር ነበር። በነጻ የሚሰጠውና በውስጡ ዕቃ የሚሸጠው የዛሬው ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ ፍጻሜ የለውም፤ የመውጫው በር ተነሥቷል። ስለዚህ አንድን ጨዋታ የሚተች ሰው ምን ያህል ይመስጣል ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም፤ ይህን ነጋዴውም ይጠይቀዋል። ተጫዋቹ በያዘው ምት ውስጥ ችሎታው እያደገ ይሄዳል ወይስ መጠበቅን ብቻ ይማራል፣ የጨዋታውን ርዝመት የሚወስነው ማን ነው፣ ከጨዋታው ሲወጣ በእጁ የሚቀረው ምንድር ነው የሚሉት ጥያቄዎች መጨመር አለባቸው። በዚህ ሚዛን ቴትሪስ ከሁሉ ይልቃል፤ ፓክማን በመግቢያው በሰጠው ቸርነትና መንገዱን ላጠና ሰው በሚከፍለው ዋጋ ይመሰገናል፤ ስፔስ ኢንቬደርስ ደግሞ ጨካኝ ቢሆንም ጭካኔውን አይሸሽግም። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ በሥዕል ሲበልጧቸው፣ በዚህ ግልጽነት ግን አይደርሱባቸውም።